ለጉብታው የሚሆን ውሻ

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት በድንቅነሽ ግቢ ሁለት ውሾች ታስረው ነበር። አንዱ ከበረቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት፣ ሌላው ከባሕር ዛፉ ሥር በገመድ። የሰንሰለቱ ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ሰፊ የጀርመን ዘር ነው፤ ወረታ ከሚገኝ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ግቢ በባጃጅ ተጭኖ መጣ። የገመዱ ቀጭን፣ ዳማ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ ያገር ውሻ ነው፤ እዚያው ቁሐር ሚካኤል ከጎረቤት ቤት ተወልዶ በእግሩ መጣ። ድንቅነሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ በሁለቱ መካከል ቆማለች። እስከ ምሳ አንዱን መርጣ ሌላውን መሸኘት አለባት።

ነገሩ የውሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቀች። ጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ታቦቱን አጅቦ ወደ ወንዙ በወረደበት፣ ቤቱ ሁሉ ባዶ በዋለበት ቀን፣ ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱ ተነድቶ ጠፋ። ስትመለስ አሮጌ ውሻዋ ደጅ ላይ ተጋድሞ፣ አፉ ዙሪያ አረፋ ደርቆበት አገኘችው። አጠገቡ ተበልቶ ያላለቀ ሥጋ ነበር። የሰፈሩ ሰው ዱካ ተከትሎ እስከ አስፋልቱ ሄደ፤ አስፋልቱ ላይ ዱካው ጠፋ።

አንድ በሬ ቀራት። ልጇ ሰውመሆን በማግሥቱ ከወረታ መጥቶ የተናገረው አጭር ነበር፤ ይኸም በሬ ከሄደ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እሱ ዘንድ ትገባለች። እሱ የሚኖርበትን ቤት ታውቀዋለች። ከመነኻሪያው ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ ወደ ሌላ ሰው ግድግዳ የሚከፈት የኪራይ ክፍል ናት። አንድ ጊዜ ሁለት ሌሊት አድራባት ሁለቱንም ሌሊት ሳትተኛ አነጋች።

ድንቅነሽ የሜዳው ተወላጅ አይደለችም። ያደገችው በወንዛዬ በኩል ካለው ደጋ ነው። ለካሴ ተድራ ፎገራ የወረደች ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ከቤት ወጥታ ብታይ ማሳው ሁሉ ውሃ ሆኗል። ጣና ተነሥቶ የመጣ መስሏት ጮኸች፤ አማቷ ሳቁባት። ውሃው የጣና ብቻ አይደለም፤ የርብ ወንዝ ሲሞላ ከአፉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሐይቁም መልሶ ይገፋዋል። አማቷ በወጣትነታቸው አፈር በጀርባቸው ተሸክመው፣ እየደለደሉ፣ ቤታቸውን ከጉብታ ላይ አወጡት። ከእሳቸው በኋላ ካሴ፣ ከካሴ ጋር እሷም፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አፈር ጨመሩበት። ዛሬ ከዙሪያው ሜዳ ሁሉ ከፍ ያለው እሱ ነው። ቆርቆሮ ቤቷ፣ በረቷና ሁለት ባሕር ዛፎቿ ከላይ ናቸው፤ በዙሪያው የእሾህ አጥር አለ።

ውሃው ሲመጣ ጎረቤቶቿ ከነከብቶቻቸው ወደዚያ ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ በምዕራብ በኩል ያለው አጥር ይገፈፋል፤ የበሩ መንገድ በውሃ ጊዜ ስለሚያዳልጥ፣ ከብት ያለ ችግር እንዲወጣ። ካሴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤቷ ያየህ መሬቷን ያርስላታል፤ በዚያ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። የራሱን ማሳም በእሷ በሬዎች ያርስ ነበር። ይህ ለዚያ ነው ብሎ የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። በሬው ከጠፋ ወዲህ የቀራት በሬ ከያየህ ብቸኛ በሬ ጋር ተቀናጅቷል። አንዱ ቢጎድል ሁለቱም ቤት አይታረስለትም።

የጀርመኑን ያመጣው ሰውመሆን ነው። ዳማውን ያመጣው ያየህ ነው።

«እማዬ፣ ስሚኝ» አለ ሰውመሆን። መፈልፈያው ቤት ሲሠራ የለመደውን ጩኸት ሜዳ ላይም አልተወውም። «ጃክ የሚበላው ከአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ዛሬ ከኔ እጅ ነው፤ ሰንብቼ ካንቺ እጅ አስለምደዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌባ ጠቦት አርዶ ቢያቀርብለት አይቀምስም።»

«ጾመኛ ነው በለና» አለ ያየህ፤ ባሕር ዛፉን ተደግፎ። «መምሬ ቢሰሙ ዲቁና ይሰጡታል።»

«ቀልድ አንተ። ያንተው እንጀራ ባየ ቁጥር ጅራቱ ሊወልቅ ነው።»

«ይቆላ እንጂ፣ ምን አለበት? ለሚያውቀው ነው የሚቆላው። ለማያውቀው ደግሞ ጥርስ አለው።»

«እስቲ እንየው።»

ያየህ ከጋቢው ሥር ቁራሽ እንጀራ አወጣና ለጃክ ወረወረለት። ጃክ እንጀራውን ሳይሆን ያየህን አየ። ከደረቱ ውስጥ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ፤ ሰንሰለቱ እስኪወጠር አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። እንጀራው እግሩ ሥር ቀረ። ሰውመሆን በተራው ለዳማው ቁራሽ ጣለለት። ዳማው ገና መሬት ሳይነካ ቀለበውና ጅራቱን ቆላ።

«አየሽ?» አለ ሰውመሆን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለ ድምፁ ግን ግቢውን ለመሙላት ይበቃ ነበር። «ያ ሽማግሌ ውሻሽ ከማያውቀው ሰው እጅ ሥጋ ይቀበል ነበር?»

ያየህ ሁለተኛውን ቁራሽ ሊወረውር እጁን አንሥቶ ነበር። እጁ እንደተነሣ ቀረ። ከዚያ ቁራሹን መልሶ ከጋቢው ሥር ከተተና መዳፉን ከጋቢው ጋር ጠረገ።

ድንቅነሽ አንድ ነገር መናገር ነበረባት። «ተው፣ ልጄ» ብትል ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ትዝ ያላት ጥምቀት ዕለት ያየህ አርፍዶ፣ ታቦቱ ከወረደ በኋላ፣ እያለከለከ ወንዙ ዳር መድረሱ ነው። ላሚቱ ስትወልድ ነው ብሎ ነበር። የሚያርስበትን በሬ ራሱ ለምን ይሰርቃል? ይህንንም አሰበችው። ግን አሳቡ ከመጣ በኋላ በምክንያት አልወጣ አለ።

«ጥቁሩን እይዛለሁ» አለች።

ያየህ ራሱን ነቀነቀ። ዳማውን ከባሕር ዛፉ ፈታና ቁልቁል ይዞት ወረደ።

ጃክ የተባለውን ሁሉ አደረገ። በሁለተኛው ሳምንት ከድንቅነሽ እጅ በቀር አይበላም ነበር። ቀን ከታሰረበት ሆኖ መንገዱን ያያል፤ እሷ ስትወጣ ይፈታና ግቢው ውስጥ ይለቀቃል። በሬዋ ወፈረ። እሷም እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከካሴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ተኝታ አታውቅም። ከታች ባለው ሰፈር በሚያዝያ አንድ ላም ስትጠፋ፣ ድንቅነሽ ሐዘኗን ገልጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በልቧ የመረጠችውን ውሻ አመሰገነች።

ሰው ግን መጥራት የጀመረው ከመንገድ ሆነ። የንስሐ አባቷ መምሬ ኪዳነ ማርያም አንድ ጊዜ እንደ ድሮው ሳይጠሩ በሩን ገፍተው ገቡና የጋቢያቸው ጫፍ በጃክ አፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከታች ቆመው መቋሚያቸውን ያነሣሉ።

«ልጄ! ንስሐሽን ከእንግዲህ በስልክ ነው የምቀበልሽ?»

«ይዤዋለሁ መምሬ፣ ይግቡ!»

«ያዝሽውም አልያዝሽውም ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሣም። ከዚሁ ልባርክሽ።»

ከታች ሆነው ባርከዋት ሄዱ። የጽዋ ማኅበሩም ተራዋ ሲደርስ ሌላ ቤት ተዛወረ፤ ምክንያቱን ማንም አልተናገረም፤ መጠየቅም አላስፈለጋትም። ግንቦት ላይ ጎረቤቶቿ እንደ ልማዳቸው ለጉብታው አፈር ተሸክመው መጡ፤ ግን በሩ ድረስ ደርሰው ወደ ምዕራብ ዞሩና ከአጥሩ ውጪ፣ ከሥሩ፣ ክምር አድርገው አፈሰሱት። «ውሻውን ስታስሪ እንደለድለዋለን» አሏት። አሰረችው፤ እነሱ ግን አልተመለሱም።

ያየህም ከአጥር ውጪ ቀረ። ሊያርስ ሲመጣ «እትዬ ድንቅነሽ! በሬውን!» ብሎ ይጣራል። እሷ ራሷ በሬውን ነድታ ታወጣለታለች፤ ማታም ከዚያው ትቀበለዋለች። ድሮ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ ዘር፣ ስለ ሚስቱ ስለ እናኑ ምላስ ሲያወራ ውሃ ይጠጣ ነበር። አሁን ከእጇ ገመድ ተቀብሎ ይሄዳል።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ሳይሄድ ቆየ።

«አጥሩን መቼ እንግፈፈው?»

ድንቅነሽ ወደ ምዕራብ አየች። አጥሩ ከተገፈፈ ጃክ ተለቆ አይውልም፤ ካልተለቀቀ ደግሞ በሬው ብቻውን ነው።

«ጥቂት ይቆይ» አለችው። «ዝናቡ ገና ነው።»

«እሺ» አለ ያየህ። ሌላ ጊዜ አልጠየቃትም። ጥቂት ይቆይ ያለችው አጥር እስከ ነሐሴ ቆየ።

በፍልሰታ ድንቅነሽ ቅዳሴ አታስታጉልም። ከጾሙ ቀናት በአንዱም ጃክን ፈትታ ለቀቀችው፣ በሩን ዘጋች፣ ስልኳን እንደ ልማዷ አልጋ ላይ ትታ ወደ ሚካኤል ሄደች። ሜዳው ላይ ዝናብ አልነበረም። በደብረ ታቦር በኩል ያለው ሰማይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ሆኖ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ማየት ጀመረ። የሩዙ ማሳ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኗል፤ ቡናማውም ይንቀሳቀሳል።

ድንቅነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቁልቁል ወረደች። መምሬ ኪዳነ ማርያም ተከተሏት።

«እርስዎ ይቅሩ መምሬ፣ ጥልቅ ነው!»

«ጥልቁን በምን ልታውቂው ነው?» አሉና መቋሚያቸውን ውሃው ውስጥ እየተከሉ ቀደሟት።

ውሃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ጭን ደረሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ የሚሰማው የከብት ጩኸት ነው። ጉብታዋ ሲታያት ቆመች።

ያየህ በምዕራብ በኩል፣ ከአጥሩ ሥር፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል። በአንድ እጁ የራሱን በሬ ገመድ፣ በሌላው መጥረቢያ ይዟል። ከኋላው ላሙና ጥጃዋ አሉ፤ ጥጃዋ አንገቷን ላሚቱ ጀርባ ላይ ጭናለች። እናኑ ልጇን አዝላ፣ በግንቦት ሳይደለደል በቀረው የአፈር ክምር ላይ ወጥታለች። ክምሩ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም፤ ዙሪያውም እየተናደ ነው። ዳማው እግሯ ሥር ተጣብቋል። ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ ጃክ አለ። አይጮህም። ያየህ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ከአጥሩ ጋር እኩል ይሄዳል።

«ያየህ!» ብላ ጮኸች። «መጥረቢያ ይዘህ ምን ትቆማለህ? አጥሩን ስበረው!»

«እርስዎ በሌሉበት?»

«ውሻውን ምታው!»

«እርስዎ በሌሉበት አጥርዎን ሰብሬ፣ ውሻዎን ገድዬ፣ በሬዎ ካለበት ግቢ ልግባ?» ፊቱን አላዞረም። «ከዚያ በኋላ ምን ሊሉኝ ነው?»

«ልጅ ይዛችሁ እኮ ነው!»

«ልጅም ብይዝ።»

«ስንደውልልዎ ቆየን» አለች እናኑ ከክምሩ ላይ። «ስልክዎ እቤት ውስጥ ሲጮህ እንሰማዋለን። የሚያነሣው ውሻው መስሎኝ ነበር!» ከእግሯ ሥር አፈር ተንዶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ተንገዳግዳ ቆመች። «እናንተ ኩራታችሁን ያዙ፤ እኔ መቆሚያዬ አልቋል!»

ድንቅነሽ በበሩ በኩል ዞራ ወጣች። ጃክ ድምፅዋን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፣ እርጥብ ቀሚሷን አሸተተ፣ ጅራቱን ቆላ። የአንገቱን ጠፍር ያዘችው። ሰንሰለቱ በረቱ ዘንድ ነው፤ በረቱና እሷ መካከል ደግሞ የግቢው ስፋት አለ። ወደዚያ ስትጎትተው ከምዕራብ በኩል ጥጃዋ ጮኸች፤ ጃክ ወደ ጩኸቱ ዞሮ ሲፈናጠር በጉልበቷ ወደቀች። ጠፍሩን ግን አልለቀቀችም።

«ስበር!» ብላ ከወደቀችበት ጮኸች። «ይዤዋለሁ! ስበረው!»

የመጥረቢያ ድምፅ አልመጣም።

«መምሬ ይስሙኝ!» አለች። «ግባ ያልኩት እኔ ነኝ። አጥሬን ስበር ያልኩት እኔ ነኝ!»

መምሬ ኪዳነ ማርያም ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በምስክር ፊት እንደሚነገር ነገር፣ ቃሉን ለያይተው ተናገሩት። «ሰምቻለሁ። ባለቤቷ ፈቅዳለች። ስበር፣ ልጄ።»

መጥረቢያው እሾሁ ላይ አረፈ። በመጀመሪያው ምት ጃክ አበደ። አጥሩ ሲሰበር የሠለጠነለትን ሁሉ አንድ ጊዜ ሊሠራው ፈለገ፤ የያዘው እጅ የማን እንደሆነ ሳያይ ዞሮ ነከሰው። ድንቅነሽ ጥርሱ ክንዷ ውስጥ ሲገባ አየችው፤ ሕመሙ ዘግይቶ መጣ። በሌላው እጇ መቀነቷን ፈትታ በጠፍሩ ውስጥ አሳለፈችና ባሕር ዛፉ ላይ ጠመጠመችው፤ ከዚያ በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችው። ከጀርባዋ ላሚቱ፣ ጥጃዋ፣ በሬው እየተንሸራተቱ ሲወጡ ሰማች። የእናኑ እግር፣ የልጁ ልቅሶ፣ የመምሬ ሳል። ያየህ ሰንሰለቱን አምጥቶ ከጎኗ ጣለላት። ወደ ውሻው አልተጠጋም።

«ይሰሩት» አለ። «ከርስዎ በቀር የሚነካው የለም።»

እናኑ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ የድንቅነሽን ክንድ አሰረችላት። ስታስር ጠበቅ አደረገችው፤ ከሚገባው በላይ።

«የእብደት መርፌውን ተወግቷል ብሎኛል ሰውመሆን» አለች ድንቅነሽ።

«እሱስ ተወግቷል። እኛን ማን ይውጋን?» አለች እናኑ።

ውሃው ወዲያው አልጎደለም። መምሬን ጨምሮ ሁሉም ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አደሩ። ከብቶቹ በረቱ ዘንድ ተጨናነቁ፤ የድንቅነሽና የያየህ በሬዎች ከቀንበር ውጪ ጎን ለጎን ቆመው አመነዠኩ። ጃክ ከባሕር ዛፉ ጋር በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰው ከቤት በወጣ ቁጥር ሰንሰለቱ እስኪያንቀው ይወጠራል። ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «እትዬ ድንቅነሽ፣ ይያዙልን» ይላል፤ እሷ ሄዳ ከውሻው ጋር ትቆማለች። ዝናብ ሲጥልም ቆመች። ክንዷ አብጦ ነበር። ያየህ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያናገራት ስለ ከብቶቹ ብቻ ነው፤ ድርቆሹን ማካፈል፣ ጥጃዋን ከቀንዳሙ በሬ ማራቅ።

በማግሥቱ ከሰዓት አንድ የደንገል ታንኳ መጣ። ሦስት ሰዎች ነበሩበት። በሩቁ ያለፈ መስሎ ነበር፤ ከዚያ ዞረና ወደ ጉብታው ቀረበ። ዳማው ከበሬዎቹ መካከል ተነሥቶ ወደ ውሃው ዳር ወረደና ጮኸ። እነ እናኑ ከቤት ሲወጡ ሲገቡ አንድ ጊዜ እንኳን አልጮኸም ነበር። ጃክም ጮኸ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ በሁሉም ላይ ሲጮህ ስለዋለ ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ያየህ መጥረቢያውን ሳያነሣ ወደ ዳር ሄደ። «ምን ፈለጋችሁ?»

«ደንገል የምናጭድ ነን። መንገድ ስተን ነው» አለ ከፊት ያለው። ዓይኑ ከበሬዎቹ ላይ ነበር። «ከብቱ የማነው? ሸጋ በሬ ነው።»

እናኑ ልጇን ይዛ ወጣች። መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ድንቅነሽ የጃክን ሰንሰለት ይዛ ባለችበት ቆመች፤ ልልቀቀው ወይስ ልያዘው ብላ አመነታች። ብትለቀው መጀመሪያ የሚይዘው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ የያየህ ጀርባ ነው። ሰንሰለቱን በእጇ ላይ ጠመጠመችው።

«የኛ ነው» አለ ያየህ።

ሰዎቹ ሁሉንም በየተራ አዩ። ከዚያ ከፊት ያለው በመቅዘፊያው ውሃውን ገፋና ታንኳው ዞረ። ደንገል አጫጆች ይሁኑ አይሁኑ ማንም ሊያውቅ አልቻለም። ታንኳው ውስጥ ግን ማጭድ አልነበረም።

ውሃው ጎድሎ ጭቃው ሲታይ ሰውመሆን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከወረታ መጣ። የእናቱን ክንድ አየ፤ የተሰበረውን አጥር አየ።

«ውሰደው» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«ማንን?»

«ጃክን። ወደ መፈልፈያው። እዚያ ግንብ አጥር አለው፤ ከማታ በኋላ ወደዚያ የሚመጣ ደግ ሰው የለም። ለሱ የሚሆነው እንዲያ ያለ ቤት ነው። ለኔ ቤት አይሆንም።»

«በሬውስ? ነይ ከኔ ጋር ስልሽ እንቢ ትያለሽ፤ ውሻ ሳመጣልሽ መልስ ትያለሽ!»

ያየህ በሬውን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አለ።

«አይውሰደው» አለ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ይኑር። ሚስቴም አትወደው፣ እኔም አልወደው። ግን እሱ እያለ የጠፋ ነገር የለም። ዛሬ ሄዶ ነገ በሬዎ ቢጠፋ፣ እኔ ነኝ።» ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ይኼ ውሻ ምስክሬ ነው፣ እትዬ ድንቅነሽ። አጥር ውጪ ቆሜ ስድስት ወር የሆነኝ ለዚህ ነው።»

ሰውመሆን አፉን ከፈተ፤ እናቱ በዓይኗ ዘጋችው።

«ጠርጥሬሃለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጥምቀት ዕለት አርፍደህ መጣህ።»

«ላሚቱ ስትወልድ ነው ብዬዎት ነበር።»

«ብለኸኛል። ጥጃዋንም በየቀኑ ሳያት ከረምኩ። እያየኋትም ጠረጠርኩህ።» ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች። «ታንኳው የመጣ ዕለት ያ ሰውዬ ከብቱ የማነው ሲል፣ ሰንሰለቱን ልለቅ ነበር። ብለቀው የሚይዘው አንተን ነበር። ያን ጊዜ ነው የያዝኩት ውሻ የማንን ቤት እንደሚጠብቅ የገባኝ።»

ያየህ የበሬውን ገመድ ከችካሉ መፍታት ቀጠለ።

«አትፍታው» አለች።

«ምን?»

«በሬህ እዚህ ይደር። ከኔው ጋር ይታሰር። ከጠፉ ሁለቱም ይጥፉ፤ ያን ጊዜ አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፤ የሚጠረጠርም አይኖርም።»

ያየህ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። በሬውን ከደጁ አውጥቶ ሌላ ሰው ግቢ ማሳደር ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌሊት ሲነቃ ትንፋሹን አይሰማውም።

«እናኑን ልጠይቃት» አለ በመጨረሻ።

«ጠይቀኸኛል» አለች እናኑ ከበሩ ላይ፣ ልጇን እያዘለች። «ድርቆሹን ግን እኩል ነው የምናዋጣው። የሳቸው በሬ ሆዳም ነው።»

«የኔ በሬ?» አለች ድንቅነሽ። «ያንቺው አይደለም እንዴ ሌሊቱን ሙሉ የኔን ሲቀማ ያደረው?»

ሰውመሆን ጃክን በሰንሰለት ይዞ በጭቃው ውስጥ ወደ መንገዱ ወረደ። ውሻው ሁለት ጊዜ ወደ ድንቅነሽ ዞሮ አየ። እሷም አየችው፤ ስድስት ወር ከእጇ ብቻ የበላ እንስሳ ነበር።

«ዳማውስ?» አለች ዞራ።

«እሱ በሬው ካለበት ነው የሚያድር» አለ ያየህ። «ግን ልንገርዎ፤ ሥጋ ቢወረውሩለት ይበላል።»

«እንግዲያው ጥምቀት ሲመጣ በተራ እንቀራለን። የመጀመሪያውን እኔ እቀራለሁ።»

«ኧረ እኔ እቀራለሁ፤ እርስዎ ታቦት ያጅቡ።»

«ገና ጥር እስኪደርስ ስንጣላበት እንከርማለን» አለችና በደህናው እጇ የበሬውን ገመድ ተቀበለችው። ያየህ መጥረቢያውን ገልብጦ በጀርባው አዲስ ችካል መምታት ጀመረ። መሬቱ ርሶ ስለነበር ችካሉ አልጠና አለ። ነቀለው፤ ወደ በረቱ ጠጋ አድርጎ፣ ውሃው ካልደረሰበት ቦታ፣ እንደገና ተከለው።